ብዙ ሰው ያየው ፓምፕ ለምን ሳይጠገን ይቀራል?

እንበልና ከመንዝ ቀበሌዎች በአንዱ የእጅ ፓምፕ ተበላሸ። እጀታው ይወጣል ይወርዳል፤ ውኃ ግን ጠብ አይልም። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በስልኩ ይቀርጸውና የዋሽንት ዜማ ደርቦበት ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። በሦስተኛው ቀን 40 ሺህ ሰው አይቶታል። «ያሳዝናል»፣ «የት ነው ይሄ?»፣ «መንግሥት የለም ወይ?» የሚል አስተያየት ይጎርፋል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ፣ ከዋሽንግተን የተሰበረ ልብ ምልክት ይላካል። ወር አለፈ። ፓምፑ እንደቆመ ነው።

ልጁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሱን የመሰሉ ግን በየወረዳው አሉ። በየሥልጠናውና በየመድረኩ «ወጣቱ ዲጂታል ሚዲያን ተጠቅሞ የማኅበረሰቡ ድምፅ ይሁን» ይባላል። ድምፁ ከስልኩ ከወጣ በኋላ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ማን ጋ እንደሚደርስ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚጠፋ ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። እዚህ የምንከተለው ያንን መንገድ ነው። መንዝ ያለው በሰሜን ሸዋ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ስልም ደብረ ብርሃንን ማዕከል ያደረገውን የአማራ ክልል ዞን ነው፤ ፍቼን ማዕከል ያደረገ ሌላ ሰሜን ሸዋ በኦሮሚያ ክልል አለና እንዳይምታታ።

«የማኅበረሰብ ድምፅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። የጥንት ገዥዎች የሕዝቡን ሆድ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ይነገራል። ከበግ ኋላ የሚያንጎራጉር ልጅ ማንንም ስለማይፈራ የግብሩን መክበድ፣ የዳኛውን ማድላት በግጥም ያወጣዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን ወግ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናመሰግነው እረኛውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጠያቂ መኖሩ ነው። ግጥሙን ሰምቶ የሚያደርስ ሰው ነበር፤ የሚደርሰውም ሰው ከፈለገ ግብሩን ሊያቀልል፣ ዳኛውን ሊሽር ይችል ነበር።

ስለዚህ ድምፅ ሦስት ሰው ይፈልጋል፦ የሚናገር፣ የሚያደርስ፣ መልስ የመስጠት ኃላፊነት ያለበት። ሦስተኛው ከሌለ እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ ሆድ ያቀልላል፤ ፓምፕ ግን አይጠግንም።

ዲጂታል ሚዲያ የምንለው በስልክና በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ነው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ መተላለፊያዎቹ ናቸው። ትልቁ ለውጥ የመጀመሪያውን ሰው፣ የተናጋሪውን ሥራ ማቅለሉ ነው። ቀድሞ የገጠር ወጣት ጉዳዩን ለማሰማት ለሬዲዮ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አለዚያም ጋዜጠኛ በመንደሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በቅርቡ የሚያገኘው ማይክሮፎን የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነበር፦ በእረፍት ሰዓት የሚንጫረር ድምፅ ማጉያ፣ ግጥም፣ ቀልድ፣ በመሐል ደግሞ «የሴቶች መጸዳጃ በሩ ይሠራልን» የሚል አቤቱታ። በነገራችን ላይ ሚኒ ሚዲያ ከቲክቶክ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ርእሰ መምህሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ቢፈልጉም ባይፈልጉም ይሰሙታል።

ቪዲዮውን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ማን ነው?

የእድር ለፋፊን አስቡት። ሰው ሲሞት በየደጁ እየዞረ ይለፍፋል። የአባል ደጅ አይዘልም፤ ቢዘል ይወቀሳል። ፌስቡክና ቲክቶክም ለፋፊ አላቸው፤ ስሙ አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ማለት የትኛው ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይ የሚወስን የኮምፒውተር ቀመር ነው። ይህኛው ለፋፊ ግን ደጁን የሚመርጠው በአባልነት አይደለም። ትናንት የማን ደጅ ላይ ጨዋታው ደራ፣ ማን ቆሞ አዳመጠ፣ ማን ተቆጣ የሚለውን መዝግቦ ይይዝና ዛሬ ወደዚያው ይሮጣል። ዝም ያለውን ቤት ያልፈዋል።

ምን ያህል እንደሚያዳላ ለማየት አንድ እውነተኛ ነገር ልጥቀስ። ፌስቡክ በ2017 እ.ኤ.አ. ከላይክ ውጭ ያሉትን ምልክቶች፣ የፍቅሩንም የሳቁንም የቁጣውንም፣ እያንዳንዱን እንደ 5 ላይክ አድርጎ ይቆጥር ጀመር። ይህ በይፋ የታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አፈትልከው ሲወጡ ነው። የቁጣ ምልክት የሚበዛባቸው ጽሑፎች ሐሰትና ጠብ የሚበዛባቸውም እንደሆኑ የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች ስላረጋገጡ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የቁጣው ምልክት ዋጋ ወደ ዜሮ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ግን የአንድ የተቆጣ ሰው ድምፅ ላይክ ካደረገ ሰው ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አምስት እጥፍ ማለት ነው።

የፓምፑ ቪዲዮ ጅዳ ላለችው የመንዝ ልጅ ቶሎ የደረሳት በዚህ ምክንያት ነው። የአገሯን ነገር ቆማ ታያለች፤ ታለቅሳለች፤ ለጓደኛዋ ትልካለች። ፓምፑን የማስጠገን ሥራ የተሰጠው የወረዳ ባለሙያ ግን ማታ ማታ የሚያየው ኳስ ከሆነ፣ ለፋፊው ወደ እሱ ደጅ የሚሄድበት ምንም ምክንያት የለውም። አልጎሪዝሙ ስለ ኃላፊነት የሚያውቀው ነገር የለም።

ቴሌግራም ከዚህ ይለያል። ቻናሉ እንደ ነጋሪት ነው፤ አንድ ወገን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ የአባላቱም ቁጥር ገደብ የለውም። ግሩፑ እንደ ስብሰባ ነው፤ እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ሁሉም መናገር ይችላል። በሁለቱም የተላከው ለገባው ሁሉ በተላከበት ቅደም ተከተል ይደርሳል። ለቀበሌ ጉዳይ 150 ሰው ያለበት፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅና የውኃ ኮሚቴው ጸሐፊ የገቡበት ግሩፕ ከ40 ሺህ ተመልካች ይበልጣል። ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉ ልጆች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ ጉዳዩ የማን ነው?

ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከቪዲዮው ሥር ካሉት አስተያየቶች ግማሹ የሚጣራው አራት ኪሎ ድረስ ነው። በገጠር በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ግን የመንደር ሰው በጥቂት መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቶሎ የሚያልቁት ውስጡ ያሉት ጎማዎች ናቸው። የመጀመሪያው ኃላፊ እንግዲህ የውኃ ኮሚቴው ነው፤ ከተጠቃሚው መዋጮ የሚሰበስበውም ለዚሁ ነው። ከኮሚቴው አቅም በላይ ከሆነ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከዚያ በላይ የዞኑ መምሪያ፣ ከዚያ የክልሉ ቢሮ። እነዚህ ስሞች በዘፈቀደ አልተለያዩም። በአማራ ክልል አሠራር ወረዳ ላይ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ ዞን ላይ ያለው መምሪያ፣ ክልል ላይ ያለው ቢሮ ነው የሚባለው፤ ማመልከቻው ላይ ስሙን ያሳሳተ ሰው ደጁንም ተሳስቷል።

ያ ተማሪ ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት አራት ሰው ቢጠይቅስ? ያለቀው ጎማው ነው ወይስ ጉድጓዱ ደርቋል? መዋጮ ተሰብስቧል? ለወረዳ ተነግሯል? በቃል ወይስ በጽሑፍ? መልሶቹ ቪዲዮውን ይለውጡታል። «ፓምፓችን ተበላሸ፣ ድረሱልን» የነበረው፣ «ፓምፑ ከጥቅምት 12 ጀምሮ ቆሟል፤ ኮሚቴው የጎማ መግዣ አለው፤ መለዋወጫው ግን ወረዳ ላይ የለም፤ ማመልከቻ ካስገባን አምስተኛ ሳምንታችን ነው» ይሆናል። የመጀመሪያው ያሳዝናል። ሁለተኛው አንድን ሰው ወንበሩ ላይ ያቁነጠንጠዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄው ጥርት ሲል ጣቱ የሚዞረው ወደ ጎረቤት ነው። መዋጮውን ሰብስቦ ያልመለሰው የልጁ የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለን ባለሥልጣን በፌስቡክ መስደብ ቀላል ነው፤ ቡና አብረው የሚጠጡትን ሰው «ጋሼ፣ የኮሚቴው ደብተር ይታይ» ማለት ግን ወገብ ይጠይቃል። ስለ ወጣቶችና ስለ ዲጂታል ሚዲያ በሚሰጡት ሥልጠናዎች ይህ ሲነሣ አልሰማሁም። ፈተናው ያለው ግን እዚህ ነው።

ሌላ ቦታ ሠርቶ ያውቃል?

አዎ፤ ኢንተርኔት ከመምጣቱም በፊት። በ1967 እ.ኤ.አ. ከካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ ባለችው ፎጎ በምትባል ደሴት ላይ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። መንግሥት ነዋሪውን ነቅሎ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር ያስብ ነበር። የፊልም ባለሙያዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው ነዋሪዎቹን ስለ ኑሯቸው እያናገሩ ቀረጹ። ቀርጸው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ አልሮጡም። መጀመሪያ ያሳዩት ለተናጋሪዎቹ ለራሳቸው ነው፤ ቀጥሎ ለሌሎቹ መንደሮች። የደሴቷ ሰዎች በመንደርና በሃይማኖት ተለያይተው ይኖሩ ስለነበር አንዱ የሌላውን ችግር እንደ ራሱ ችግር ማየት የጀመረው በዚያ ነው። ከዚያ ፊልሙ ለባለሥልጣናቱ ታየ፤ የእነሱም መልስ ተቀርጾ ወደ ደሴቷ ተመለሰ። ሕዝቡ ደሴቷን ሳይለቅ ቀረ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበርም አቋቋመ። አሠራሩ እስከ ዛሬ «የፎጎ ሂደት» እየተባለ ይጠቀሳል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የእኛ ልጅ መጀመሪያ ያሳየው ለማያውቀው ዓለም ነው፤ ቀበሌው የሰማው ከአዲስ አበባ በመጣ ስልክ ነው። «አዋረድከን» የሚለውም ወቀሳ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቪዲዮውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቀወት ወይም ኤፍራታና ግድም ወረዳ ከሆነም ከጁምዓ በኋላ፣ ጥላ ሥር ለተቀመጠው ሰው ቢያሳይ አንዱ «ቀኑን ተሳስተሃል» ይለዋል፣ ሌላዋ «የታችኛውም ፓምፕ እኮ ቆሟል» ትለዋለች። ቪዲዮው የአንድ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የቀበሌው ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤት ነው። ኬንያ ውስጥ ምርጫውን ተከትሎ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ጥቂት ጸሐፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ኡሻሂዲ የተባለ መድረክ ሠሩ፤ ቃሉ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ሰዎች ያዩትን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በድረ ገጽ ይልካሉ፣ የተላከው ካርታ ላይ ይቀመጣል። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ የተበታተነ ወሬ ሲሰበሰብ ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ የቆመ ፓምፕ የአንድ ቀበሌ ችግር ነው። በአንድ ወረዳ 12 ፓምፕ በዚያው ጎማ እጦት ከቆመ ግን የመለዋወጫ አቅርቦት ጥያቄ ነው፤ የሚመለከተውም ከወረዳ በላይ ያለውን ነው። ለዚህ ካርታ የግድ አይደለም፤ ቀበሌ፣ ቀን፣ የተበላሸው ነገር የተጻፈበት የደብተር ሰንጠረዥ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ቢቀመጥ በቂ ነው።

የማን ድምፅ ነው የሚቀረው?

ስልኩን የያዘው ብዙ ጊዜ ወንድ ልጅ ነው። ውኃ የምትቀዳው እህቱ ናት። ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ወንዝ ለመውረድ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረች፣ ጨለማው ሳይገፈፍ መውጣት ምን እንደሚያስፈራ የምታውቀው እሷ ናት። ወንድሟ የቀረጸው እጀታውን ነው። እሷ ብትቀርጽ ኖሮ ምናልባት የምታሳየን ጀሪካኑን ተሸክማ የምትወጣበትን ዳገት ነበር። ሁለቱ ቪዲዮዎች አንድ ጉዳይ አይደሉም።

ሌላው መሬቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። በምዕራቡ በኩል መርሐቤቴና ሚዳ የጀማን ሸለቆ ታቅፈው ይኖራሉ። የሞባይል ሞገድ ተራራ አይዘልም፤ ማማውና ስልኩ መካከል ገደል ወይም ጋራ ከገባ ምልክቱ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ በደጋው ሜዳ፣ ለምሳሌ በእነዋሪ ወይም በጫጫ ያለ ወጣት በቀላሉ ቪዲዮ ሲለጥፍ፣ ገደሉ ሥር ያለው «ኔትወርክ ዛፍ» ፍለጋ ዳገት ይወጣል። ከዚያም «ከቆላ ምንም ቅሬታ አልመጣም» ይባላል። ቅሬታው ምናልባት ኔትወርክ እየፈለገ ነው።

ሽማግሌዎቹስ? በተራ ስልክ የሚደውሉ፣ ሬዲዮ የሚሰሙ ናቸው። የእነሱን ቃል በድምፅ ቀድቶ ማካተት የወጣቱ ሥራ ነው፤ መልሱንም በእድሩ ወይም በማኅበሩ ቀን በቃል ማድረስ እንደዚያው።

እውነት መሆኑ እንዴት ይጣራል?

እኔ ራሴ አንድ ክረምት የጎርፍ ፎቶ «ሸዋ ሮቢት ነው» ተብሎ ደርሶኝ ሳልጠይቅ ለሃያ ሰው ልኬያለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ ደውላ፣ «አጎቴ፣ መኪኖቹ እኮ በግራ በኩል ነው የሚሄዱት» አለችኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ ነው የሚነዳው። ፎቶው ከሌላ አገር ነበር። አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ያቺ ልጅ ያደረገችው የማጣራት መጀመሪያ ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ማንበብ። ታርጋው ምን ይመስላል? የሱቁ ጽሑፍ በምን ፊደል ነው? ወቅቱስ? ጅሩ ሜዳ ላይ የስንዴ ክምር ተሰልፎ ከታየ የመኸር ወቅት እንጂ ሐምሌ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ ፎቶውን በጉግል ሌንስ መፈለግ ነው፤ ከዚህ በፊት የወጣበት ካለ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። ሦስተኛው እና ከሁሉ የሚበልጠው እዚያው ላለ ሰው መደወል ነው። ሁለት ሰው፣ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ።

የቀድሞ ሰዎች አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ይጠየቃል። ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚያውቀው ነገር ብዙ ስለሆነ ይሠራ ነበር። የኮሜንት ሳጥንም አውጫጭኝ ይመስላል፤ «እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ነው» ባዩ አይጠፋም። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ በአውጫጭኝ ጥፋተኛው ካልታወቀ አገሩ በጋራ ካሳ ይከፍል ነበር፤ ቀሪውም ይቀጣ ነበር። ኮሜንት ላይ በሐሰት ለተወነጀለ ሰው ግን ማንም አይከፍልም። በግጭት ጊዜ የተሳሳተ ፎቶ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ፊቱን ያሳየነው ሰውስ?

«ላንሣዎት?» ሲባል ራሱን የነቀነቀ ሰው ሁሉ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ፈቃድ የሚባለው ቪዲዮው የት እንደሚወጣ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ከወጣ በኋላ መመለስ እንደማይቻል ተነግሮት እሺ ሲል ነው። ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በመጠለያ የኖሩ ሰዎችን ብዙ ካሜራ አንሥቷቸዋል። የአንዳንዱ ሰው ዘመድ ገና እዚያው ትቶት በመጣው ቀዬ ነው። አንድ ፊት፣ አንድ ስም፣ አንድ የመንደር ስም ተደምሮ የሌላ ሰው አድራሻ ይሆናል። ከጀርባ መቅረጽ፣ እጅን ብቻ ማሳየት፣ ድምፅን ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ ታሪኩ አይጎድልም።

ስልኩም ራሱ ያሳብቃል። ፎቶ ሲነሣ የተነሣበትን ሰዓት፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይራገፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ አብሮ ይሄዳል። ያው መረጃ ለፓምፑ ማስረጃ ነው፤ ለተፈናቃዩ አደጋ ነው። የትኛውን እንደያዙ ማወቅ የላኪው ፈንታ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በመረጡት ማሰራጫ የመግለጽ መብትን፣ አንቀጽ 30 ደግሞ የመሰብሰብንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይደነግጋል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። በአዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ስሕተት ሁሉ አይደለም፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተሰራጨ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነገር ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ነው። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ግን እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ተከታይ ሲበዛ ሚዛኑ ይከብዳል ማለት ነው፤ «እኔ ሼር ነው ያደረግኩት» የሚለው ቃልም ሁልጊዜ አያድንም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

ብዙ ወጣት የማያውቀው፣ ለፓምፑ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሕግ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንግጓል። ከተከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። «ለእኛ ቀበሌ ፓምፕ መለዋወጫ ምን ያህል በጀት ተይዟል?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ከ40 ሺህ የተሰበረ ልብ የበለጠ ክብደት አለው። ቢያንስ ቀን ይቆጥራል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሥራቸውን ሁሉ ቻናል ላይ ያደረጉ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ድምፃቸውን አጡ። ደብተር የነበረው፣ የእድሩን ለፋፊ የሚያውቅ፣ ለወረዳው ባለሙያ በቀጥታ የሚደውል ግን ስልክ በሠራበት ሰዓት ሁሉ ቀጠለ። የቪዲዮዎቹን ቅጂ በሚሞሪ ካርድ ሁለተኛ ሰው ጋ ማስቀመጥም ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል።

መልስ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

እዚህ ላይ ብዙው ሰው ይሰንፋል። ማመልከቻው ሲገባ የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን መያዝ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ፎቶ ማንሣት፣ በግሩፑ ላይ «ዛሬ ገብቷል» ብሎ መጻፍ አለ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ መስመር፦ «10ኛ ቀን፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «17ኛ ቀን፣ ጎማው ከዞን ተጠይቋል ተብሏል»። ስድብ የለም፤ ቀንና ቃል ብቻ። ኃላፊው መልስ ከሰጡ መልሳቸው እንዳለ ይለጠፋል፣ አልተመቸንም ብለን አንቆርጠውም። የሠሩትን ባለሙያዎች በስም ማመስገንም ተገቢ ነው፤ ለሚቀጥለው ፓምፕ ስልክ የሚያነሡት እነሱ ናቸውና።

ያ ተማሪ ይህን ሁሉ ቢያደርግና ጎማው ቢመጣ፣ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ፈትቶ ይገጥመዋል። ልጁም ሁለተኛ ቪዲዮ ይለጥፋል፤ እጀታው ወርዶ ሲነሣ፣ ውኃው መጀመሪያ ዝገት ቀላቅሎ ቀጥሎ ጠርቶ ሲወርድ፣ እህቱ ጀሪካኑን ስትደቅን። ዋሽንት አልጨመረበትም። ይህንን 300 ሰው ያየዋል። አንዱ ከሥሩ፣ «የት ነው ይሄ?» ብሎ ይጽፋል።